በውቢት ስም የተቀዳ ደም

(ጎንደር፣ በአንድ ሆስፒታል የካንሰር ምርምር ክፍል። እንጉዳይ የምትባል ታካሚ በእንቁላል ማምረቻ ካንሰር በቅርቡ ኦፕራሲዮን ተደርጋለች። ወጣቷ ተመራማሪ ዶክተር ህሊና እና የእንጉዳይ አክስት እትዬ አንጓች በር ዘግተው ይከራከራሉ።)

ህሊና፦ እትዬ አንጓች፣ ይህ ደም የውቢት አይደለም።

አንጓች፦ እንዴት አይሆንም? እዚሁ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ አይደል የቀዳችሁት? እኔ ራሴ እጇን ይዤ!

ህሊና፦ እጅ ይዘው ነበር። የማን እጅ እንደነበር ነው የምጠይቅዎ።

አንጓች፦ የውቢት ነዋ! የእንጉዳይ ታናሽ፣ የሟች እህቴ ልጅ፣ በነዚህ እጆቼ ያሳደግኋት። ስንት ውቢት አለችኝ?

ህሊና፦ የእንጉዳይን ደምና የልጅቷን ደም ጎን ለጎን አየነው። የአንድ እናትና አባት ልጆች ደም ብዙ የሚመሳሰል ነገር ይገኝበታል። እነዚህ ሁለቱ የሚመሳሰሉት ግን እኔና የሆስፒታሉ ዘበኛ የምንመሳሰለውን ያህል ነው።

አንጓች፦ ዘበኛው የየት አገር ሰው ነው?

ህሊና፦ እትዬ!

አንጓች፦ አይ፣ ሳይቆጠር አይታወቅም ብዬ ነው። አንድ ቀን የማላውቀውን ሰው መንገድ ላይ ቆሜ ስቆጥር የአያቴ የእህት ልጅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ህሊና፦ እንግዲህ ሊሆን የሚችለው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው... ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሟች እህትዎ ከባላቸው ሌላ...

አንጓች፦ ምን? ምን አልሽ?

ህሊና፦ እኔ ምንም አላልኩም። ደሙ ነው።

አንጓች፦ እህቴን እንዳታነሺ! ባሏ ለሥራ መተማ በወረደ ቁጥር በሯ ላይ ወፍጮ ደግፋ የምትተኛ ሴት ነበረች! የቄስ ሚስት እንኳ እሷን አይታ ነበር ነጠላዋን የምታስተካክለው!

ህሊና፦ እንግዲያው የሚቀረው ሁለተኛው ነው።

አንጓች፦ ሁለተኛው ምንድነው?

ህሊና፦ እርስዎ የሌላ ሰው ልጅ ይዘውልኝ መጥተዋል።

አንጓች፦ ...ሦስተኛ የለውም?

ህሊና፦ የለውም።

አንጓች፦ ማሬ ናት። የቅቤ ነጋዴዋ የአልጋነሽ ልጅ። በይ፣ ተገላገልሽ? አሁን እህቴን ተያት፤ በሰላም ትረፍ።

ህሊና፦ እህትዎማ ንጹሕ ናቸው። ሁለቱ ልጆች በእናት በኩልም አይመሳሰሉም። ይህን መጀመሪያውኑ አውቄያለሁ።

አንጓች፦ አንቺ! አወጣጣሽኝ!

ህሊና፦ ጥቂት ነው፤ ከእርስዎ ጋር ስውል ለመድኩ። ይልቅ ያቺ ልጅ እንዴት እሺ አለች? የሰው ስም ይዛ፣ ያለ በሽታዋ መርፌ ልትወጋ?

አንጓች፦ ጎበዝ ልጅ ናት። ፊቷን እንኳ አላዞረችም።

ህሊና፦ ምን ሰጥተዋት ነው?

አንጓች፦ ባል።

ህሊና፦ ባል?!

አንጓች፦ ገና አልሰጠኋትም። ቃል ገብቼላታለሁ። አንድ የአዘዞ ልጅ አለ፣ ቆጥሬዋለሁ፣ አይዛመዱም።

ህሊና፦ ባለፈው ሳምንትስ በሰጡኝ ቁጥር ስደውል «አቤት፣ ውቢት ነኝ» ያለችኝ ማን ናት? እሷም ማሬ ናት?

አንጓች፦ እሷ... እሷ ውቢት ናት። ጉንፋን ይዟት ነበር።

ህሊና፦ «እመብርሃን ትከተልሽ፣ ወልደሽ ሳሚ ልጄ» ብላ ነው ስልኩን የዘጋችው። ዕድሜዋ ከእኔ የሚያንስ ልጅ!

አንጓች፦ በሥርዓት ስላደገች ነው።

ህሊና፦ እትዬ አንጓች።

አንጓች፦ እሺ፣ እኔ ነኝ። ድምፄ አሁንም ሲቀጥን ያምርበታል። የወጣት ድምፅ አይመስልም ነበር? እስከ መጨረሻው ድረስ ማለቴ ነው።

ህሊና፦ ውቢት ራሷስ ይህን ታውቃለች?

አንጓች፦ ምን አጠፋች እሷ! ለመምጣት ለብሳ ተነሥታ ነበር። «መብራት የለም፣ ማሽናቸው አይሠራም» ብዬ መለስኳት። ይሄ ደግሞ ውሸት አይደለም። በዚያች ሰዓት ባይጠፋ በሌላ ሰዓት ጠፍቷል።

ህሊና፦ ግን ለምን? ታላቅ እህቷ እዚህ ተኝታ እያዩ?

አንጓች፦ ሰርግ አለባታ! እሑድ የሙሽራው አጎት ዘር ለመቁጠር ይመጣል። ከነሱ ወገን እሱ ይቆጥራል፣ ከኛ ወገን እኔ። እስከ ሰባት ቤት እንወርዳለን። ልጆቹ የማይዛመዱ ከሆነ ጠጅ ይቀርባል። ከጠጁ በፊት ግን አንዲት ጥያቄ አለች። ሰውዬው ጉሮሮውን ይጠርግና «በዘራችሁ ምን አለ?» ይላል። በሽታ ማለቱ ነው።

ህሊና፦ እርስዎስ ምን ይላሉ?

አንጓች፦ «ጤና» እላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያልኩት እሱን ነው። በኔ አፍ ስንት ሰው ተድሯል መሰለሽ።

ህሊና፦ ውሸት አይሆንብዎትም?

አንጓች፦ እኔ አንድም ነገር ጨምሬ አላውቅም። ጥቂት እቀንሳለሁ። መቀነስ ውሸት ነው እንዴ?

ህሊና፦ እስኪ የቀነሱትን እንይ። እናትዎ በምን አረፉ?

አንጓች፦ በመብረቅ።

ህሊና፦ መብረቅ መታቸው?

አንጓች፦ የጎረቤት ዋርካ ነው የመታው። እሷ ደነገጠች። ከዚያ ድንጋጤ አልተነሣችም።

ህሊና፦ ለምን ያህል ጊዜ?

አንጓች፦ ...ክረምቱን ሙሉ።

ህሊና፦ ክረምቱን ሙሉ ደንግጠው ከረሙ?

አንጓች፦ ትልቅ መብረቅ ነበር።

ህሊና፦ የእናትዎ እህትስ?

አንጓች፦ ከበቅሎ ወድቃ።

ህሊና፦ ወድቀው እዚያው ሞቱ?

አንጓች፦ ኧረ ተነሣች! እንዲያውም በቅሎዋን ተሳድባ እንደገና ወጣችባት። የሞተችው ሌላ ጊዜ ነው።

ህሊና፦ እሺ፣ አሟሟታቸውን እንተወው። አለባበሳቸውን ይንገሩኝ። እናትዎ በመጨረሻ ጊዜያቸው መቀነታቸውን እንዴት ነበር የሚያስሩት?

አንጓች፦ ይሄን ማን ነገረሽ?

ህሊና፦ ማንም አልነገረኝም። እየጠየቅሁ ነው።

አንጓች፦ መቀነቷ አጠረባት። ወገቧን ደጋግሞ ይዞር የነበረው ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ። እኛ ልጆች ነበርን፤ «እማዬ ወፈረች» ብለን ደስ አለን። ፊቷ ግን እየከሳ ነበር። አንድ ሰው እንዴት ከወገቡ ወፍሮ ከፊቱ ይከሳል? ልጅ ይሄን አይጠይቅም።

ህሊና፦ ምግብስ?

አንጓች፦ አንድ ሁለት ጉርሻ። ከዚያ «ጠገብኩ»። ስታበስል የዋለችውን ወጥ ለኛ ትገፋልን ነበር።

ህሊና፦ እህትዎም እንዲሁ?

አንጓች፦ እሷን ተያት አላልኩሽም?

ህሊና፦ ንጹሕ ናቸው ብለን ተስማምተናል። አሁን የምጠይቅዎ ስለ ሆዳቸው ነው።

አንጓች፦ ሰው ሲጠይቀኝ «በሐዘን ሞተች» ነው የምለው። ባሏ ቀድሟት ስለሞተ ያምኑኛል። ሆዷ ያበጠው ግን እሱ በሕይወት እያለ ነው። ጎረቤቶቻችን «በስተርጅና አረገዘች» ብለው እልል አሉላት። እሷም ሳቀች። ባሏም ለሕፃኑ ስም አወጣ። እንግዲህ ይሄን ነው ለሙሽራው አጎት ልነግረው የምትፈልጊው?

ህሊና፦ ለአጎቱ አይደለም። ለእኔ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎት። የማሬ ደም ምንም አልተገኘበትም።

አንጓች፦ ተመስገን! በቃ እሱን በውቢት ስም ያዥው። ማን ያውቃል?

ህሊና፦ እንደዚያ ልናደርግ ምንም አልቀረንም ነበር። ውጤቱን ሳይ ከወንበሬ ተነሥቼ አጨብጭቤያለሁ። ስልኩን አንሥቼ ለውቢት፣ ማለትም ለእርስዎ፣ «ነጻ ነሽ» ልል ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ሰው «ቆይ፣ እህትማማችነታቸውን እንይ» ባይለኝ ኖሮ ውቢት ነጻ ናት ተብላ ወደ ቤቷ ትላክ ነበር። ትዳር ትይዛለች። አንድ ቀን ሆዷ ይገፋል። ያን ጊዜ እርስዎ ነዎት መጀመሪያ እልል የሚሉት።

አንጓች፦ ...ክፉ አፍ አለሽ።

ህሊና፦ ይቅርታ።

አንጓች፦ ይቅርታ አትበይኝ። ክፉ ይሁን እንጂ ውሸታም አይደለም። የኔ ነው ውሸታሙ።

ህሊና፦ ውሃ ላምጣልዎት?

አንጓች፦ ውሃ ምን ያደርግልኛል? ይልቅ አስረጂኝ። ይሄ ሁሉ ማሽን እያላችሁ፣ ሆዷን አይታችሁ አለ የለም ማለት እንዴት ያቅታችኋል? የሰው ዘር ምን ያስቆጥራችኋል?

ህሊና፦ የእንቁላል ማምረቻዎቹ ከማህፀን ግራና ቀኝ፣ ሆድ ውስጥ ተደብቀው ነው የሚቀመጡት። ትንንሽ ናቸው። እዚያ ካንሰር ሲጀምር አያምም፣ አይደማም። ሴትዮዋ «ነፋኝ፣ ምግብ አልወርድ አለኝ» ትላለች። ያን ደግሞ ሰው ሁሉ ይለዋል።

አንጓች፦ እኔም ሽምብራ በበላሁ ቁጥር እለዋለሁ።

ህሊና፦ አዩ? አልትራሳውንድ አለ፣ በደም የሚታይ ምልክትም አለ። ግን ጤነኛዋን አስደንግጠው የታመመችዋን የሚያሳልፉበት ጊዜ አለ። በቶሎ የሚይዝ አስተማማኝ ምርመራ ዓለም ሁሉ እየፈለገ ነው፤ እኛም እየፈለግን ነው። እስከዚያው ግን አንድ የምናውቀው መንገድ አለ። በአንዳንድ ቤተሰብ በሩ ከልደት ጀምሮ ገርበብ ብሎ ይገኛል።

አንጓች፦ የቱ በር?

ህሊና፦ ሰውነታችን ውስጥ የተበላሸውን እየተከታተለ የሚጠግን ዘረመል አለ። እንጉዳይ ስትወለድ ጀምሮ ይሄ ጠጋኝ ጉድለት አለበት። ከእናቷ የወረሰችው ይመስለኛል፤ የነገሩኝ ነገር ወደዚያ ነው የሚወስደኝ። ውቢትም ወርሳው የመሆኑ ዕድል ግማሽ ነው። ዘውድና ጎፈር እንደመጣል።

አንጓች፦ ግማሽ! ታዲያ ግማሹ ጤና ነዋ። እኛ ጤነኛውን ግማሽ እንውሰድ።

ህሊና፦ የቱ ግማሽ ላይ እንደቆመች ሳናውቅ?

አንጓች፦ እኔ ነኝ የማውቀው ባይ አይደለሁም። ግን እወቁ ብዬ ብሰጣችሁ ምን ልታደርጓት ነው? እኔ የማላውቅ መሰለሽ? ነቀርሳ አላት ብላችሁ ማህፀኗን ታወጣላችሁ። ሰርጉ እሑድ ባይፈርስ በዓመቱ ይፈርሳል። መካን ብለው ይመልሱልኛል።

ህሊና፦ ይሄ ነው የፈሩት?

አንጓች፦ ሌላ ምን ልፍራ? መርፌ?

ህሊና፦ እትዬ፣ ጉድለቱ ቢገኝባት እንኳ ካንሰር አለባት ማለት አይደለም። አሁን ምንም አናወጣም። ትወልዳለች።

አንጓች፦ ትወልዳለች?

ህሊና፦ የምትፈልገውን ያህል። እኛ እየተከታተልናት ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ልጅ በቃኝ ብላ ዕድሜዋም ሲደርስ፣ የእንቁላል ማምረቻዎቹንና ቱቦዎቹን እናወጣለን። በሽታው ገብቶ የሚቀመጥበትን ቤት ባዶውን ሳለ ነው የምናፈርሰው።

አንጓች፦ ይሄን ሁሉ እያወቅሽ እስከዛሬ ዝም ትያለሽ? በመጀመሪያው ቀን ለምን አትናገሪም?

ህሊና፦ በመጀመሪያው ቀን በደንብ አድርጌ ተናግሬያለሁ።

አንጓች፦ ለማን?

ህሊና፦ ለማሬ።

አንጓች፦ ለማሬ!

ህሊና፦ እርስዎ ውጭ ሲጠብቁ፣ በር ዘግቼ፣ ሥዕል እየሣልኩ አስረዳኋት። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። መጨረሻ ላይ «እሺ ዶክተር፣ ቶሎ ቶሎ እወልዳለሁ» አለችኝ።

አንጓች፦ ያቺ የቅቤ ልጅ! አንዲት ቃል አልነገረችኝም! እኔ «ምን አለችሽ?» ስላት «ግቢ፣ ውጪ ነው ያለችኝ» አለች።

ህሊና፦ ለባሏ ብላ ምስጢር ጠብቃለች።

አንጓች፦ የአዘዞውን ልጅ እንደገና ልቆጥርባት ነው። ቆይ፣ እንጉዳይስ? እሷ ላይ በሩ ተከፍቶ ገብቷል።

ህሊና፦ ኦፕራሲዮኗ ጥሩ ሆኗል። ኬሞዋን ትጨርሳለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ልክ እንደሷ ጠጋኛቸው ጉድለት ላለበት ሴቶች በደንብ የሚሠራ ክኒን አለ። በጥናቱ በኩል እንድታገኝ እየሞከርን ነው። ጉድለቱን ባናገኘው ኖሮ ክኒኑን ጭራሽ አናስበውም ነበር።

አንጓች፦ እንዴ፣ እና ጉድለቱ ጠቀማት ትይኛለሽ?

ህሊና፦ መታወቁ ጠቀማት።

አንጓች፦ ...ስሚ፣ እንዲህ እናድርግ። ከኔ ቅጂ። እኔም የዚያው ቤት ልጅ ነኝ። የኔ ንጹሕ ከሆነ ልጅቷን ተያት፣ ሰርጓን ትሰርግ።

ህሊና፦ የእርስዎ ደም የሚመልሰው ለእርስዎ ነው። እርስዎ ነጻ ሆነው እህትዎ ወርሰው ሊሆን ይችላል። ግን እርስዎም ይመርመሩ፤ ይሄን ልጠይቅዎ ስሰጋ ነው የሰነበትኩት።

አንጓች፦ እኔ? እኔ አርጅቻለሁ፤ እኔ ላይ ምን ሊሠራ ይመጣል?

ህሊና፦ ይሄ በሽታ እኮ ጠና ያሉ ሴቶችን ይወዳል።

አንጓች፦ እንደ አቶ ቢያድግልኝ ነዋ! ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በየበዓሉ ሙክት ይዘው በራችን ላይ ነው የሚቆሙት።

ህሊና፦ እርስዎስ ምን አሏቸው?

አንጓች፦ «ልቁጠር» ብያቸዋለሁ። አሁንም እየቆጠርኩ ነው። ወደ ነገራችን ተመለሽ። ወንድስ? ወንድ ያወርሳል?

ህሊና፦ እንደ ሴቷ ያወርሳል። እሱ ሳይታመም ለሴት ልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል።

አንጓች፦ ወይ ጉዴ! የወንድሞቼን ልጆችስ? ደንቢያ ዳርኩ፣ ማክሰኝት ዳርኩ፣ ቆላ ድባ ዳርኩ። በሄድኩበት ሁሉ «ጤና፣ ጤና» እያልኩ!

ህሊና፦ የትኛው የት እንዳለ ያውቃሉ?

አንጓች፦ ልጆቻቸውን ሳይቀር።

ህሊና፦ እንግዲያው እኔና እርስዎ ብዙ መንገድ አለብን። አብረው ይዞሩልኛል? የማያውቁኝ ሰዎች በር አይከፍቱልኝም።

አንጓች፦ አሁን አጭበርባሪ ስትይኝ አልነበር? ወዲያው ልትቀጥሪኝ?

ህሊና፦ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በአንድ ነገር ግን እንስማማ፤ ከእንግዲህ ሰው አይቀየርም።

አንጓች፦ አይቀየርም። ውጤቷ ሲመጣ ግን መጀመሪያ ለኔ ነው የምትነግሪኝ።

ህሊና፦ ለእርስዎ አልነግርም።

አንጓች፦ ለኔ?!

ህሊና፦ ለእርስዎም፣ ለሙሽራውም፣ ለአጎቱም። ውጤቱ የውቢት ነው። ከፈለገች እሷ ትነግርዎታለች።

አንጓች፦ ያሳደግኋት እኮ ነኝ! በጀርባዬ!

ህሊና፦ አውቃለሁ። ለዚያ ነው ከእንጉዳይ ትክክለኛውን ቁጥር ተቀብዬ መደወል ስችል እርስዎን ቁጭ ብዬ የምለምነው። እርስዎ «ሂጂ» ካላሏት ሰላም አግኝታ አትመጣም።

አንጓች፦ እሷ ካልነገረችኝ ድምፄን አቅጥኜ እደውልልሻለሁ።

ህሊና፦ አሁን አውቄዋለሁ፤ አይሠራም።

አንጓች፦ እሺ። እሑድስ? ያ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠርጎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? «ጤና» ካልኩት አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ ታይኛለሽ። «ነቀርሳ» ካልኩት ጠጁ ሳይቀዳ ተነሥቶ ይሄዳል።

ህሊና፦ ያን እኔ ልመልስልዎ አልችልም። እስከ እሑድ ደግሞ ውጤቱ አይደርስም። ውቢት አስባበት የምትወስነው ነው።

አንጓች፦ እሷማ ምን ትወስናለች፤ ወዳዋለች። አስጎብኚ ነው ልጁ። ፋሲል ግንብ ላይ ፈረንጅ ሲያስከትል አይተሽው ታውቂ ይሆናል፤ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በአንድ ድምፅ ነው የሚናገረው። ለኔ ደግ ነው፣ እጄን ይስማል። ሁሉም ሙሽራ ግን ከሰርግ በፊት እጅ ይስማል።

ህሊና፦ ይሸሻል ብለው ያስባሉ?

አንጓች፦ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት አውቀዋለሁ። እሱን ግን አላውቀውም። አጎቱ የሚያዘው ነው ወይስ አጎቱን «አርፈህ ተቀመጥ» የሚል? ይሄ አይቆጠርም። አየሽ፣ እንጉዳይን ገና ስትታመም ጥሏት የሄደውን ሰው የቆጠርኩላት እኔ ነኝ። ጥሩ ዘር ነበር። ባላባት።

ህሊና፦ አላወቅሁም ነበር። አዝናለሁ።

አንጓች፦ አትዘኚ። ስልኬን አቀብይኝ፤ ከነጠላዬ ሥር ነው። ዛሬ ስንት ሰዓት ድረስ ደም ትቀዳላችሁ?

ህሊና፦ ውቢት እስክትመጣ ድረስ እንጠብቃለን።

አንጓች፦ ሄሎ፣ ውቢት? አዎ፣ በራሴ ድምፅ ነው የምደውልልሽ። ስሚኝ፤ እህትሽ የተኛችበት ሆስፒታል ነኝ። ዶክተሯ እዚህ ተቀምጣ ትጠብቅሻለች፣ ነይና ክንድሽን ስጫት። አይ፣ አትደንግጪ፣ ልጅ ትወልጃለሽ፤ የቀረውን እሷ በር ዘግታ ታስረዳሻለች። ሰርጉ? እሱን እንዲህ እናድርገው። አንቺ እሺ ካልሽ ልጁንም ዛሬውኑ ይዘሽው ነይ፣ ያለ አጎቱ። ያንቺን ደም ዶክተሯ ትመርምር፤ እሱን እኔ እመረምረዋለሁ።